ቀይ መብራት ያልኩት የጥፍርሽ ቀለም

ሩቅዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽን ዛሬ ሰባት ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። እንደምታውቂኝ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። በዚህ ዕድሜዬ የጻፍኩት ሁሉ ቢሰበሰብ የጭነት ወረቀት ላይ ያረፈ ፊርማ ነው። በሕይወት ሳለሽ አንዲት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም፤ አሁን መልስ በማይመጣበት ጊዜ ብዕር ማንሳቴ ለራሴም ይገርመኛል። ግን ምን ላድርግ? ድንጋጤው አልለቀቀኝም። ሌላው ሰው ሲሞትበት ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። እኔ ወላሂ ገና ማዘን አልጀመርኩም፤ ገና ደንግጬ ነው ያለሁት። ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ አንዱን እግሬን አስገብቼ፣ ሌላውን ጫማ በእጄ እንደያዝኩ፣ አጃኢብ! አጃኢብ! እያልኩ ቁጭ እላለሁ። ልጃችን ሶፊያ ናት ትከሻዬን ነካ አድርጋ የምትመልሰኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሶፊያ አስራ አራት ዓመቷን ልትደፍን ነው። ቁመቷ አንቺን አልፏል፤ አፏ ግን ያው ያንቺው ነው፣ መልስ አያጣም። እህትሽ ሀቢባ እዚሁ ሞያሌ፣ ማንያታ ሠፈር ያለውን ሱቅሽን ይዛዋለች። ያንን ጥፍርሽን ሲሰብር የኖረውን ዝገታም ቁልፍ በሄድሽ በሳምንቱ አውልቃ ጣለችውና ሌላ ገዛች። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር! ስንት ዓመት ስትማረሪበት አንድ ቀን ልቀይርልሽ አላሰብኩም። እኔ የናይሮቢውን መንገድ ትቼዋለሁ። ከብት ጭኖ መውረድ፣ ዕቃ ጭኖ መውጣት በቃኝ ብዬ ለባለመኪናው ቁልፉን መለስኩለት። አሁን በትንሽ ፒካፕ ወደ ጎልቦ ቆላ ውሃ አመላልሳለሁ፤ የአሱር ሶላት ሳይሰገድ ቤቴ እገባለሁ። ስምሽ ሩቅያ ሆኖ ሩቅ የምሄደው እኔ፣ እያልኩ እቀልድብሽ አልነበር? ይኸው ቦታ ተቀያየርን። ያገሩ ሰው አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ በስዋሂሊኛ ፖሌ ይለኛል፣ አይዞህ ማለቱ ነው። እኔም አሳንቴ እላለሁ። ሰባት ወር ሙሉ አሳንቴ።

ኩቴክሶችሽም እንዳሉ ናቸው፤ ያ የብስኩት ጣሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ትናንት ከፍቼ አየኋቸው። ለኔ መጀመሪያ ቀይ ሁሉ አንድ ነበር። ከናይሮቢ ቀይ ኩቴክስ አምጣልኝ ብለሽ ያዘዝሽኝ ጊዜ፣ ኢስሊ ገበያ ገብቼ፣ የከብት ሽታዬን ይዤ ሴቶቹ መሃል ተጋፍቼ፣ እጄ ያገኘውን ቀይ አመጣሁልሽ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳሽና፣ ሰዒድ፣ ይህ እኮ ቀይ አይደለም፣ የቲማቲም ድልህ ነው አልሽኝ። ስሙ በዚያው ድልህ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ስም አወጣሽላቸው። ጠቆር ያለው ሮማን፣ ቡናማው የግመል ወተት ሻይ፣ ሸክላ የሚመስለው የሞያሌ አፈር። አንድ ጊዜ ሰማያዊ ባመጣልሽ፣ በር የዘጋበት ጣት አስመሰልከኝ ብለሽ ለሶፊያ አሻንጉሊት ቀባሽው። ከሁሉ የምትወጂው የሞያሌ አፈርን ነበር። አቧራ ቢያርፍበት አያስታውቅም ትዪ ነበር። እውነትሽን ነው፣ በዚህ ከተማ አቧራ የማያሳጣ ነገር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ሊያልቅ ሲል የክብሪት ሳጥን ጀርባ ላይ ጠብታ ቀብተሽ ትሰጪኝ ነበር። ናይሮቢ ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ከየብልቃጡ ጋር እያስተያየሁ ስቆም ሻጮቹ በሳቅ ይሞታሉ።

የጥገናውንማ ማን ይረሳዋል? የሀቢባ ሠርግ ዋዜማ ነበር። የሱቁ ቁልፍ የቀኝ አውራ ጣትሽን ጥፍር ከመሃሉ ሰነጠቀውና ቤት ገብተሽ አለቀስሽ። እኔ ጅሉ፣ ቁረጪው በቃ አልኩሽ። ጣትሽን ቁረጪ ያልኩሽ ይመስል አፈጠጥሽብኝ። በቱርቢ መንገድ ላይ ድንጋይ የቀደደውን ጎማ ስለጥፍ የምውል ሰው የአንዲት ጥፍር ስንጥቅ ያቅተኛል እንዴ? ብዬ ተነሳሁ። አንድ የሻይ ከረጢት ቀድጄ ሻዩን ደፋሁ፤ ከስስ ወረቀቱ የጥፍርሽን ግማሽ የምታህል ቆረጥኩ። ጥፍሩን በአሴቶን ጠረግኩና ስንጥቁ ላይ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ፣ በላዩ ወረቀቷን፣ በወረቀቷም ላይ ሌላ ጠብታ። እንዳያብጥ በስንጥር ጫፍ እየገፋሁ አስተኛሁት። ሲደርቅ በክብሪቱ ሳጥን ጎን፣ ክብሪት በሚጫርበት በኩል፣ ቀስ እያልኩ ሞረድኩት። ከዚያ ቀለም የሌለውን ኩቴክስ አንዴ፣ ሮማኑን ሁለቴ ቀባሁት። ስንጥቁ የት እንደነበረ ለኔ ለራሴ ጠፋኝ። ጣትሽን አገላብጠሽ አየሽና፣ ጎሚስታዬ! አልሽኝ። ጎማ ለጣፊ ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወሬውን ሰምተው የሠፈሩ ሴቶች የተሰበረ ጥፍራቸውን ይዘው ሲመጡ፣ የዚህ ጎሚስታ ደንበኛ አንድ ብቻ ናት ብለሽ ከበር መለስሻቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው፣ አንቺ የምታውቂውን ነገር ልናገር። ኩቴክስ ውሃ አያስገባም፤ ጥፍሯን የተቀባች ሴት ለሶላት የምትታጠበው ውዱእዋ አይሞላም። ስለዚህ አንቺ ሶላት በምትሰግጂበት ጊዜ እጅሽ ላይ ሂና እንጂ ኩቴክስ አይታይም። የምትቀቢው በወር በወሩ፣ ሶላት በሌለሽ ቀኖች ብቻ ነበር። ቀኑ ሲያልፍ በአሴቶን ታስለቅቂውና ትታጠቢያለሽ። እኔ ከመንገድ ስመጣ ገና ከበሩ እጅሽን አያለሁ። ተቀብተሽ ከሆነ፣ ኧረ ዛሬም ቀይ መብራት በርቷል! እልሻለሁ፤ አንቺ የያዝሽውን ጨርቅ ትወረውሪብኛለሽ። በአስራ ሰባት ዓመት ትዳራችን ነገሩን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። አንቺ ታፍሪያለሽ፣ እኔም አፍራለሁ፤ ጥፍርሽ ይነግረኛል፣ እኔ አነባለሁ፣ በቃ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው እያልኩ እኮራበት ነበር!

ከመለየትሽ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የኢሲዮሎ ወሬ ገባ። ሰዒድ በናይሮቢ መንገድ ኢሲዮሎ ላይ የሚያርፍባት ባለሻይ ቤት ሴትዮ ሁለተኛ ሚስቱ ናት የሚል ወሬ አንድ ሥራ ፈት አመጣልሽ። ውሸት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ተናግሮ እንደመገላገል ተቆጣሁ። በደልኩ፤ የተጠረጠረ ሰው መቆጣቱ ምን እንደሚያስመስለው ማን ይንገረኝ?

ከዚያ በኋላ ስመጣ ተቀብተሽ ነበር፣ የሞያሌ አፈርን። ሁለት ቀን አርፌ ሄድኩ። ከአስራ ስምንት ቀን በኋላ ስመለስ፣ ተቀብተሽ ነበር። ቀኑ ገጥሞ ነው አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስም፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስም ተቀብተሽ ነበር። ያኔ ደሜ ፈላ። ገባኝ አልኩ፤ በኢሲዮሎ ወሬ አኩርፋ ነው፣ ቀለሙን የምትቀባው እኔ እንዳልጠጋት በሩን ለመዝጋት ነው አልኩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የኔ ዓይን አየ፣ ልቤ ግን ምን ያህል አጣሞ ፈረደ!

ከስተሽ ነበር፤ ኩርፊያ ነው አልኩ። ፊትሽ ገርጥቶ ነበር፤ ኩርፊያ ነው አልኩ። ጀሪካኑን ለሶፊያ ሰጥተሽ አንቺ ትቀመጪ ነበር፤ እኔን ለማናደድ ነው አልኩ። ጥፍርሽ እንደ ደረቅ ገለባ በትንሹ በትልቁ ይሰበር ጀመር። በመጨረሻው ቀን ጠዋት የአውራ ጣትሽ ጥፍር እንደገና ተሰንጥቆ አየሁና፣ ምንም ሳንነጋገር ወረቀቱንና ሱፐር ግሉን አምጥቼ ለጠፍኩልሽ። ጣትሽ በእጄ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር። ያ አላህ፣ በሞያሌ ፀሐይ የሰው እጅ እንደዚያ ሲቀዘቅዝ! እሱንም አየሁ፤ እሱንም ለኔ ያለሽ ቅዝቃዜ አድርጌ ወሰድኩት።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ያልኩሽን ላስታውስሽ አያስፈልግም። እኔ ግን እጽፈዋለሁ፣ ጽፌ ልየው። ኩቴክሱን ስታስለቅቂ ደውዪልኝ! አልኩሽ። አፍሽን ከፈት አደረግሽ፤ ሶፊያ ከኋላሽ ብቅ ስትል መልሰሽ ዘጋሽው። ምን ልትዪ ነበር? ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቅ ጀሊሉ ያውቀዋል።

ስልኩ የጮኸው ከኢሲዮሎ ስመለስ ማርሳቢት ላይ ነው። ሞባይል አገራችን ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በመንገዱ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ማርሳቢት ስደርስ ነው። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ምሳ በልቼ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ስክሪኑን ሳየው ሩቅዬ ይላል። ደስ አለኝ። አስለቀቀችው፣ ታረቅን አልኩ በልቤ። እርጥብ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ አነሳሁና፣ ሄሎ፣ ጎሚስታሽ ነኝ አልኩ።

የሀቢባ ድምፅ ነበር። በስልክሽ ደውላ ነው። ሩቅያ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ወደቀች፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ አልቆየችም አለችኝ። ጀናዛሽ ላይ በዙሁር፣ በቀትሩ ሶላት፣ ተሰግዶ አፈር ለብሰሻል። ኩቴክሱም ለቅቋል፤ ሳያስለቅቁ አያጥቡሽም እኮ! እኔ ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ሆቴሉን በሞላው ሕዝብ መሃል፣ ማን? ማን? እያልኩ ቆምኩ። ስምሽን ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። ሦስቱንም ጊዜ፣ ማን? አልኳት።

በማግሥቱ ደረስኩ። ሰው ሞልቶ ነበር፤ ማን ምን እንዳለኝ አላስታውስም። በሦስተኛው ቀን ሀቢባ ከሰው ለይታኝ ከቤቱ ጀርባ ወሰደችኝና ሁሉንም ነገረችኝ። ከሁለት ወር በላይ ደም ሲፈስሽ ነበር። ሐኪሙ ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ ነበር፣ ሰውነቷ ውስጥ ደም አልቆ ነው የመጣችው ብሏል። ሴቶቹ ሊያጥቡሽ ሲሉ ሀቢባ በአሴቶን የራሰ ጥጥ ይዛ ጥፍርሽን አንድ በአንድ አስለቀቀች። ከቀለሙ ሥር ጥፍሮችሽ እንደ ወረቀት ነጭ ነበሩ። የአውራ ጣትሽ ግን አልለቅ አለ። የኔ ልጥፍ! ሴቶቹ ውሃውን ይዘው ቆመው ሲጠብቁ፣ እሷ እያለቀሰች ስትፈትግ፣ አንዷ ይህን በዚህ ያህል ጥንካሬ የለጠፈው ማን ነው ብላ ጠየቀች አሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አለቅስ ነበር። አላበቃም። ሀቢባ ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ስትለምንሽ የመለስሽላትን ነገረችኝ። ሰዒድ ያውቃል ብለሻታል። መጥቶ እጄን ያያል፤ ሁለት ወር ሙሉ ኩቴክስ እንዳልለቀቀ እያየ ዝም ካለ፣ የኢሲዮሎዋ ወሬ እውነት ነው ማለት ነው፤ ሐኪም ቤት እንሂድ የሚለኝ እሱ ከሆነ እሄዳለሁ ብለሻታል።

ሩቅዬ! አንቺ ቀለሙን እየቀባሽ ስትነግሪኝ ነበር! ታምሜያለሁ፣ እየኝ እያልሽኝ ነበር! እኔ ደግሞ ሂድ ያልሽኝ መስሎኝ ሄድኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል እሰማ ነበር፤ ጉዱ እኔው ቤት እንዳለ ማን ያውቃል? አንድ ቀለም፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፤ አንቺ ያውቃል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ ብዬ አኮርፋለሁ። ያ ስታስለቅቂ ደውዪልኝ ያልኩሽም ላንቺ ምን ብሎ እንደተሰማሽ አሁን ገባኝ። ስትድኚ ፈልጊኝ፣ ታምመሽ አትምጪብኝ ያልኩሽ ነው የመሰለሽ። አይደለም ወይ? ወላሂ ቢላሂ አላወቅኩም ነበር። ኢሲዮሎም ማንም የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ይህን ያኔ ባልኩሽ ኖሮ!

አንዳንድ ቀን አንቺንም እቆጣሻለሁ፣ አልደብቅሽም። ምነው አንዲት ቃል? ምነው ሰዒድ አሞኛል ብትዪኝ ምላስሽ ይቆረጥ ነበር? ብዬ ፒካፑ ውስጥ ብቻዬን እጮኻለሁ። ከዚያ እኔስ? እላለሁ። እኔም ምላስ ነበረኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደግሞ ከጎልቦ ስመለስ ሶፊያ በር ላይ ቆማ አየኋት። ጥፍሯን ተቀብታለች። ከጣሳሽ አውጥታ ያንን የሞያሌ አፈር ነው የተቀባችው። ልጄ ትልቅ ሰው ሆነች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እኔ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሰባተኛው ቀን አለፈ። ስምንተኛው ቀን ቁርስ ስታቀርብልኝ እጇን አየሁ፣ እዚያው አለ። ሀቢባ እንዳትጠይቅልኝ የባሏ ዘመዶች ዘንድ ወደ ኢትዮጵያው በኩል ለለቅሶ ድንበር ተሻግራ ነበር። ዘጠነኛው ቀን ውሃ ይዤ ሄሉ መንደር ሳልደርስ ከመንገድ ተመለስኩ። ውሃው ይቅር አልኩ።

አባት ለሴት ልጁ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ በዘሬ ተሰምቶ አያውቅም፤ አባቴ ቢሰማኝ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር። ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ልብሱን ከእጇ ወሰድኩና፣ ሶፊያ፣ ደም እየፈሰሰሽ ነው? አልኳት። በቀጥታ፣ በስሙ። ልጅቷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ዓይኗ ብቻ ሲቀር፣ ኧረ አባ! ኧረ አባ ምን ሆነሃል! አለች። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ዘጠኝ ቀን ሆነ እኮ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ፣ መኪናው በር ላይ ነው አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በነጠላው ውስጥ፣ አባ፣ ካለቀ አራት ቀኑ ነው፤ አሴቶኑ አልቆብኝ ነው፣ ላንተ ግዛልኝ ማለት አፍሬ ነው አለችኝ። በጥርሷ ልትፍቀው ሞክራ ጫፍ ጫፉ ተልጦ ነበር። ያን ያህል ቀን አይቼ አይቼ ያንን አላየሁም!

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ያ ሰባት ወር የቆመው ነገር ተናደ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠችና፣ እማ የሞተችው ከዚህ ነው እንዴ? ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ከሀቢባም ከኔም ያልሰማችውን ሁሉ እዚያው እርጥብ ልብስ ሥር ተቀምጠን ነገርኳት፤ ቀለሙንም፣ ኩርፊያዬንም፣ በመስኮት የጮኽኩትንም። ታዝንብኛለች ብዬ ነበር። እጄን ያዘችና አልለቀቀችኝም። ከዚያ ሁለታችንም ተነስተን አሴቶን ልንገዛ ሄድን፤ ባለሱቁ ፊት እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የጠየቅኩት።

ሩቅዬ፣ አልረሳሽም እያልኩ አልምልልሽም፤ ለመርሳት መጀመሪያ መሞትሽን ማመን አለብኝ፣ እኔ ደግሞ ገና ነኝ። የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። ሶፊያን እጠይቃታለሁ። ታፍራለች፣ ትቆጣለች፣ አባ ተወኝ ትላለች፤ እጠይቃታለሁ። ሀቢባንም እጠይቃታለሁ። ሶፊያ አግብታ ስትወጣም ባሏን ለብቻው አስቀምጬ፣ እጇን አይተህ አትፍረድ፣ አፍህን ከፍተህ ጠይቃት እለዋለሁ። እየሳቀብኝም ቢሆን ይሰማኛል። በጠየቅኩ ቁጥር የምጠራው አንቺን ነው።

ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ጥያቄውን ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል ጊዜ ወሰደብኝ መሰለሽ? ከመኪናው ወርጄ ልብስ ማስጫው ጋ እስክደርስ ድረስ ነው። ያን ያህል ብቻ ነበር፣ ሩቅዬ። አሞሻል እንዴ?

ባልሽ ሰዒድ